ካርዱን ቆለፍኩት፣ አገልግሎቶቹ ወደቁ

የኮምፒውተር ዓምድ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የተመረጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ከመሃል ከተማ የመጡ ናቸው። ሁሉም ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ይመለከታሉ፤ ከአብዛኞቹ ጀርባ ደግሞ የመብራት መሄድና መምጣት አለ። የመጀመሪያው ሰፊ መልስ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ ለእርሱ ለቅቄያለሁ። የቀሩት በእርሱ ላይ ስለሚደገፉ ዘሎ ማለፍ አያዋጣም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ቸርችል ጎዳና ላይ ላለ አንድ ካፌ የምግብና የመጠጥ ዋጋ የሚያሳዩ ስክሪኖች ተክያለሁ። ከእያንዳንዱ ስክሪን ጀርባ ራስቤሪ ፓይ የሚባል አንድ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። መብራት በሄደ ቁጥር የሚሞሪ ካርዱ እየተበላሸ ሲያስቸግረኝ ማሽኑ ሲነሣ የዲስክ ክፍሎች እንዴት እንደሚከፈቱ የሚወስነውን ኤፍኤስታብ የሚባለውን ፋይል አስተካክዬ ዋናውን የፋይል ሥርዓት ለንባብ ብቻ አደረግሁት። በጓደኛዬ ምክርም /ቴምፕ እና /ቫር/ሎግ የሚባሉትን ማውጫዎች መብራት ሲሄድ ይዘቱ ወደሚጠፋው ጊዜያዊ ማኅደር፣ ወደ ራም፣ አዛወርኩ። ካርዱ መበላሸቱን አቆመ። አሁን ግን ማሽኑ ሲነሣ «ፌይልድ» የሚል ቀይ ጽሑፍ በስክሪኑ ላይ ይደረደራል፣ ደንበኛም ያየዋል። ቴምፕፋይልስ፣ ራንደም ሲድ፣ ሎግሮቴት የሚሉ ስሞች አያለሁ። ገጹን ለስክሪኑ የሚያቀርበው ኤንጂንኤክስ ጭራሽ አይነሣም፤ ስለዚህ የዋጋ ዝርዝሩ አይታይም። የካፌው ባለቤት «ቢበላሽም ያኔ ይሠራ ነበር» እያለ ወደ ቀድሞው እንድመልሰው ይወተውተኛል። ልመልሰው ወይስ መላ አለው? — ስክሪን ተካዩ፣ ከቸርችል ጎዳና

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትመልሰው። ባለቤቱ ልክ ነው፤ የከፈለው ዋጋው በስክሪን እንዲታይለት እንጂ ለካርድ ጤንነት አይደለም። አንተም ልክ ነህ። በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት የተቋረጠበት ካርድ በዚያች ቅጽበት የሚጻፈውን ብቻ ሳይሆን ቀድሞ በደህና የተቀመጠውንም ሊያበላሽ ይችላል። የሠራኸው ሥራ ትክክል ነው፣ ግን ግማሽ ነው። መጻፍን ከለከልክ፤ ሲነሡ የሆነ ነገር መጻፍ ልማዳቸው ለሆነ ፕሮግራሞች ግን የት እንደሚጽፉ አልነገርካቸውም።

ለእያንዳንዱ ቀይ መስመር ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ምን ሊጽፍ ፈልጎ ነው? የጻፈውስ መብራት ከሄደ በኋላ መኖር አለበት? መኖር የማያስፈልገው ወደ ራም ይሄዳል። መኖር ያለበት የራሱ ክፍልፋይ ይሰጠዋል። እንደ ዋጋ ማሳያ ባለ ማሽን ላይ ጨርሶ ሥራ የሌለው አገልግሎት ደግሞ ይዘጋል። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ችግሩ ዝርዝሩ ውስጥ መሆኑ ነው እንጂ።

በስክሪን ላይ የሚሮጠውን ጽሑፍ በዓይንህ ለማሳደድ አትሞክር። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» ብትል የወደቁት ተዘርዝረው ይወጡልሃል። ከዚያም የአንዱን አገልግሎት ስም ይዘህ «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -ዩ» ካልክ በኋላ ስሙን አክል፤ ከዚህ ጊዜ መነሣት ጀምሮ ያ አገልግሎት የተናገረውን ታነባለህ። እዚያ ውስጥ የምትፈልገው የስሕተቱን ዓይነት ነው። «ሪድ-ኦንሊ ፋይል ሲስተም» የሚል ከሆነ፣ በሊኑክስ ቁጥሩ 30 ነው፣ አገልግሎቱ የተቆለፈ ቦታ ላይ ለመጻፍ ሞክሯል ማለት ነው። «ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» የሚል ከሆነ፣ ቁጥሩ 2 ነው፣ ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ቦታው ይጻፍበታል፣ የሚፈለገው ማውጫ ግን የለም። ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያዩ ነው ቀኑን ሙሉ ያለ ውጤት የሚደክሙት።

የአንተ ኤንጂንኤክስ የወደቀው በሁለተኛው ምክንያት መሆኑን ገንዘብ ባስይዝ አልከስርም። /ቫር/ሎግን ወደ ራም ስታዛውር ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ባዶ ማውጫ ይቀርባል። በካርዱ ላይ የነበረው /ቫር/ሎግ/ኤንጂንኤክስ ከሥሩ ተሸፍኗል። ኤንጂንኤክስ የሎግ፣ ማለትም የክንውን መዝገብ፣ ፋይሉን መክፈት ካልቻለ አንድ ገጽ እንኳን ሳያሳይ ይሞታል፤ ማውጫውን ራሱ አይፈጥርም። መፍትሔው አጭር ነው። «ሲስተምሲቲኤል ኤዲት ኤንጂንኤክስ» በልና በሚከፈተው ባዶ ፋይል ላይ «ሰርቪስ» በሚለው ርእስ ሥር «ሎግስዳይሬክተሪ» እኩል ይሆናል «ኤንጂንኤክስ» ብለህ ጻፍ። ከዚያ በኋላ አገልግሎቶችን ሁሉ የሚያስነሣው ሲስተምዲ ራሱ አገልግሎቱን ከማስነሣቱ በፊት ማውጫውን ይፈጥርለታል። ይህን የማይደግፍ አሮጌ ዕትም ከሆነ ያለህ በ/ኢቲሲ/ቴምፕፋይልስ.ዲ ውስጥ ያንኑ ማውጫ የሚፈጥር አንድ መስመር ያለው ፋይል ማስቀመጥ ይበቃል። እባክህ በማስነሻ ስክሪፕት ውስጥ «30 ሰከንድ ጠብቅ» የሚል መስመር አትጨምር። እንዲህ የተሠሩ ማሽኖች ወደ እኔ ሲመጡ ለጥገናው ዋጋ እጨምራለሁ። በራም ላይ ያሉት ማውጫዎች ተራ አገልግሎቶች ከመነሣታቸው በፊት እንዲዘጋጁ ሲስተምዲ ቅደም ተከተሉን ቀድሞ አስተካክሎታል፤ ጥበቃው የሚፈታው ነገር የለም።

ራም ላይ ያለው /ቫር/ሎግ ሌላም ጠባይ አለው፣ ይሞላል። መጠን ካልወሰንክለት የማሽኑን ራም ግማሽ ድረስ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በኤፍኤስታብ መስመሩ ላይ የመጠን ገደብ ጨምር፤ ለዋጋ ማሳያ 30 ሜጋባይት ይተርፋል። ኤንጂንኤክስ ገጽ በጠየቁት ቁጥር የሚጽፈውን መዝገብ ደግሞ አጥፋው። የማክያቶን ዋጋ ስክሪኑ ስንት ጊዜ እንደጠየቀ ማንም አያነብም። የሲስተምዲ የራሱን መዝገብ «ጆርናልዲ.ኮንፍ» በሚባለው ፋይል ላይ «ስቶሬጅ» የሚለውን «ቮላታይል» አድርገው፤ ያኔ በ/ረን ሥር፣ በራም ላይ ብቻ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ቀዮቹ መስመሮች እንምጣ። ቴምፕፋይልስ የሚባለው ማሽኑ ሲነሣ ጊዜያዊ ማውጫዎችን የሚፈጥር አገልግሎት ነው። ከብዙ ትእዛዞቹ አንዱ እንኳን በተቆለፈ ቦታ ላይ ካረፈ የቀረውን ሁሉ ፈጽሞም ቢሆን፣ በተለይ ቆየት ባሉ ዕትሞች ላይ፣ ራሱን ወድቋል ብሎ ሊያስመዘግብ ይችላል። ስለዚህ ይህ ቀይ መስመር ብቻውን አያስደነግጥ፤ መዝገቡን ከፍተህ የተከለከለው የትኛው ማውጫ እንደሆነ እይ። አብዛኛውን ጊዜ በ/ቫር/ሊብ ወይም በ/ቫር/ካሽ ሥር ነው። ማውጫውን ካርዱ ክፍት በሆነበት ሰዓት አንድ ጊዜ በእጅህ ፍጠረው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚፈጠር ስለማይኖር ዝም ይላል።

ራንደም ሲድ ለምስጠራ የሚያገለግል የዘፈቀደ ቁጥር ዘርን ከአንዱ መነሣት ወደ ሌላው የሚያሻግር ነው። በተቆለፈ ካርድ ላይ አዲስ ዘር ማስቀመጥ አይችልም። ራስቤሪ ፓይ የራሱ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ ስላለው ለአንተ ሥራ ይህን አገልግሎት ብትዘጋው አትጎዳም። ያረጁ ሎጎችን የሚያነሣው ሎግሮቴት ሎግ በራም ላይ ከሆነ በኋላ ሥራ የለውም፤ ሰዓት ቆጣሪውን ጭምር ዝጋው። ዝመና የሚፈልገውን አፕት-ዴይሊን እና የመመሪያ ገጾችን ማውጫ የሚያድሰውን ማን-ዲቢንም ጨምር፤ እነርሱ ሲነሣ ባይወድቁ ኋላ በቀጠሯቸው ሰዓት ይወድቃሉ። ዝመናን አንተ ራስህ ስትሄድ በእጅህ ትሠራዋለህ።

ዝጋ ስል «ሲስተምሲቲኤል ማስክ» ማለቴ ነው። «ዲሴብል» አይበቃም፤ ዲሴብል የተደረገን አገልግሎት ሌላው ሊጠራው ይችላል፣ ማስክ የተደረገውን ግን ማንም አያስነሣውም። ማስክ በ/ኢቲሲ ሥር የሚቀመጥ አመልካች ስለሆነ ካርዱ መከፈት አለበት። «ማውንት» በሚለው ትእዛዝ «ሪማውንት» እና «አርደብሊው» የሚሉትን አማራጮች ሰጥተህ ትከፍታለህ፤ ሥራህን ስትጨርስ በ«አርኦ» ትቆልፋለህ። ስትቆልፍ «ቢዚ» ብሎ እምቢ ካለህ አንድ ፕሮግራም ፋይል ለመጻፍ ከፍቶ ይዟል፣ ወይም የተሰረዘ ፋይል ገና አልለቀቀም። «ኤልኤስኦኤፍ» ማን እንደያዘው ያሳይሃል። ትዕግሥት ከሌለህ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሣት ይቀላል።

ሲስተምዲ አንዳንድ ጊዜ አገልግሎቱ ሳይነሣ በፊት የት ላይ እንደተሰናከለ በቁጥር ይነግርሃል። 238 ካየህ በ/ቫር/ሊብ ሥር የሚፈልገው ማውጫ አልተዘጋጀም። 239 የ/ቫር/ካሽ ነው፣ 240 የ/ቫር/ሎግ። 226 ካየህ ደግሞ አገልግሎቱ የራሱ የግል ጊዜያዊ ማውጫ ይሰጠኝ የሚል ሊሆን ይችላል። ይህ በተለይ ቆየት ባሉ ዕትሞች ላይ የሚያጋጥም ሲሆን፣ ሰዎች /ቴምፕን ወደ ራም አዛውረው /ቫር/ቴምፕን ስለሚረሱ ነው። በደብዳቤህ ላይ አንተም አልጠቀስከውም፤ ዛሬውኑ አዛውረው።

ካርዶቹን ከአንድ ቅጂ አባዝተህ ከሆነ፣ እንደምገምተው እንዲያ ነው ያደረግኸው፣ /ኢቲሲ/ማሽን-አይዲ የሚባለውን ፋይል ተመልከት። የማሽኑ መታወቂያ ነው፣ 32 ፊደልና ቁጥር አለው። ሁሉም ስክሪኖችህ አንድ መታወቂያ ከያዙ በኔትወርኩ ላይ አድራሻ ሊሻሙ ይችላሉ። ነገር ግን ፋይሉን አትሰርዘው! ፋይሉ ከሌለና /ኢቲሲ ከተቆለፈ ሲስተምዲ መነሣቱን ራሱ ያቆማል። ባዶ ፋይል ከሆነ ግን በተነሣ ቁጥር ጊዜያዊ መታወቂያ ፈጥሮ ይቀጥላል። የሚሻለው እያንዳንዱን ካርድ ከመቆለፍህ በፊት ፋይሉን ባዶ አድርገህ «ሲስተምዲ-ማሽን-አይዲ-ሴትአፕ» በሚለው ትእዛዝ የየራሱን መታወቂያ መስጠት ነው። የራንደም ሲዱን ፋይልና ከርቀት ለመግባት የሚያገለግሉትን የኤስኤስኤች ቁልፎችም ለየካርዱ መለየት እንዳትረሳ።

መኖር ስላለበት ነገርስ? የካፌው ባለቤት ዋጋ የሚቀይረው በስልኩ ከሆነ ያ ዋጋ የሆነ ቦታ መጻፍ አለበት። ለእርሱ በካርዱ ላይ ትንሽ ክፍልፋይ ለይ፣ /ዳታ በለው፤ የሚጻፍበት እርሱ ብቻ ይሁን። በኤፍኤስታብ ላይ «ኖፌይል» የሚለውን አማራጭ ጨምርለት፤ አለዚያ ክፍልፋዩ አንድ ቀን ቢጠፋ ማሽኑ በነባሪው ልክ 90 ሰከንድ ሙሉ ሲጠብቀው ይቆይና መጨረሻ ላይ ወደ ጥገና ሁኔታ ገብቶ የይለፍ ቃል ይጠይቃል። ጧት በሰዓቱ ቁርስ ሊበላ የመጣ ሰው ያንን ማየት የለበትም። ዋጋ የሚቀበለው ፕሮግራም ደግሞ «ሪኳየርስማውንትስፎር» በሚለው መስመር /ዳታን እንደሚፈልግ በግልጽ ይናገር። «ኖፌይል» ማለት ማሽኑ ክፍልፋዩ ሳይኖርም ይነሣል ማለት ስለሆነ፣ ይህን መስመር ካልጻፍክ ፕሮግራሙ ባዶ ማውጫ ላይ ቆሞ «ዋጋዎቹ የታሉ?» ሲል ታገኘዋለህ።

«ይህን ሁሉ ከማደርግ ኦቨርሌይ ባበራስ?» እንደምትል አውቃለሁ። በራስቤሪ ፓይ ማስተካከያ፣ ራስፒ-ኮንፊግ ውስጥ፣ በአንድ ምርጫ ይበራል። ኦቨርሌይ እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በወጣው የከርነል፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ዕትም 3.18 ወደ ሊኑክስ የገባ ነው። አሠራሩ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ላስቲክ አንጥፎ በላስቲኩ ላይ እንደ መጻፍ ነው፤ አንባቢው የተጻፈውን ያያል፣ መጽሐፉ ግን አልተነካም፣ ማሽኑ ሲጠፋ ላስቲኩ ይጣላል። አገልግሎቶቹ ሁሉ የጻፉ ስለሚመስላቸው አንድም ቀይ መስመር አታይም። ጊዜ ለሌለው ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው፣ አልቃወምም። እኔ ግን ለደንበኞቼ አልመርጠውም። ምክንያቴ ዝምታው ነው። የካፌው ባለቤት ማታ ዋጋ ጨምሮ ይተኛል፣ ሌሊት መብራት ይሄዳል፣ ጧት ስክሪኑ የባለፈውን ወር ዋጋ ያሳያል፤ ማንም አንዲት የስሕተት መልእክት አላየም። ደንበኛው ግን አይቷል፣ በዚያ ዋጋ ካልሸጥክልኝ ብሎም ይከራከራል። የተቆለፈ ካርድ ቢያንስ ሊጽፍ የፈለገውን ያጋልጣል። ኦቨርሌይን ከመረጥክም /ዳታን ከእርሱ ውጭ አድርገው።

ሁሉም ጸድቶ «ሲስተምሲቲኤል --ፌይልድ» ባዶ ሲሆን ብቻ በማስነሻው መስመር ላይ «ኳየት» የሚለውን ጨምርና ጽሑፉን ከደንበኛ ዓይን ሰውረው። ከዚያ በፊት ብታደርገው በሽታውን አልብሰኸው ሄድክ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የሂሳብ ሥራ ቢሮ ውስጥ ኡቡንቱ ሰርቨር እጠብቃለሁ። እኔ ምንም ሳልነካው በሥራ መካከል ለንባብ ብቻ ሆነ። ማሽኑን ሳስነሣው ዳታቤዙን ጨምሮ ብዙ አገልግሎቶች ይወድቃሉ። «ሪማውንት» ስለው ይከፈታል፣ በማግሥቱ ተመልሶ ይቆለፋል። አሁን በየአሥር ደቂቃው ሪማውንት የሚያደርግ የክሮን ትእዛዝ ጽፌ ለጊዜው ተገላግያለሁ። ቋሚ መፍትሔው ምንድን ነው? — የሰርቨር ጠባቂ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ክሮኑን አሁኑኑ አጥፋው። የቀረውን ከዚያ በኋላ ታነባለህ።

ከላይ ያለው ወንድማችን ካርዱን የቆለፈው በፈቃዱ ነው። የአንተን የቆለፈው ከርነሉ ነው፤ የቆለፈውም መረጃህን ለማዳን ነው። የኡቡንቱን ኤፍኤስታብ ብትከፍት በዋናው መስመር ላይ «ኤረርስ» እኩል «ሪማውንት-አርኦ» የሚል ልታገኝ ትችላለህ። ትርጉሙ፦ በፋይል ሥርዓቱ ላይ ስሕተት ካየህ መጻፍን አቁም። አንተ በየአሥር ደቂቃው «አይ፣ ጻፍ» እያልከው የሰዎችን ሂሳብ በተጎዳ ዲስክ ላይ እያስጻፍክ ነው። የወደቁት አገልግሎቶች በሽተኞች አይደሉም፤ ዳታቤዙ መጻፍ ስላልቻለ መነሣትን እምቢ ማለቱ ተገቢ ነው።

ከሁሉ በፊት ማስረጃውን ያዝ። ዲስኩ ከተቆለፈባት ደቂቃ ጀምሮ የሲስተምዲ መዝገብ ወደ ዲስክ መጻፉ ቆሟል። ስለዚህ ምክንያቱን የሚናገሩት መስመሮች ያሉት በራም ላይ ብቻ ነው፣ ማሽኑን ስታስነሣው ይጠፋሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲቆለፍ የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን «ዲመሴጅ» በልና ውጤቱን ፍላሽ ላይ ገልብጥ፤ ፍላሽ ከሌለ በስልክህ ፎቶ አንሣው። ሪሴት ከመጫን በፊት ይህን የሚያደርግ ባለሙያ እምብዛም አላይም፤ ለዚህም ነው አንድ ማሽን ከአንዱ ወደ ሌላው ባለሙያ ሲንከራተት የሚከርመው።

በዚያ ውስጥ «አይ/ኦ ኤረር» ካየህ ችግሩ ዲስኩ ወይም ገመዱ ነው። «ስማርትሲቲኤል» በሚለው መሣሪያ የዲስኩን ጤና እይ። በመደበኛ ሃርድ ዲስክ ላይ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ከዜሮ ከፍ ብለው እያደጉ ከሄዱ ዲስኩ እየሞተ ነው። ቁጥር 199 ብቻውን እያደገ ከሆነ የሳታ ገመዱን ቀይር፣ ርካሽ ነው። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ ምንም ዓይነት ጥገና ከመሞከርህ በፊት መረጃውን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዳ፤ «ዲዲሬስኪው» ለዚህ የተሠራ ነው። በሚሞት ዲስክ ላይ የፋይል ሥርዓት መርማሪውንና ጠጋኙን ኤፍኤስሲኬን ማስሮጥ የቀረውንም መግደል ሊሆን ይችላል።

የአይ/ኦ ስሕተት ከሌለና «ኢኤክስቲ4-ኤፍኤስ ኤረር» ብቻ ካየህ የፋይል ሥርዓቱ ራሱ ተናግቷል፤ መብራት ድንገት መሄዱ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። መጠባበቂያ ቅጂ ከያዝክ በኋላ በማስነሻው መስመር ላይ «ኤፍኤስሲኬ.ሞድ» እኩል «ፎርስ» ጨምረህ አስነሣው፤ ዋናው ክፍል ገና ለመጻፍ ሳይከፈት ይመረመራል። በሥራ ላይ ባለና ለመጻፍ በተከፈተ ክፍል ላይ ኤፍኤስሲኬ አታስሩጥ።

በነገራችን ላይ፣ በማስነሻው መስመር ላይ «አርኦ» የሚል ብታይ እርሱን ተጠያቂ አታድርገው። ጤነኛ ሊኑክስም ቢሆን ተቆልፎ ነው የሚነሣው፤ ከዚያ «ሲስተምዲ-ሪማውንት-ኤፍኤስ» የሚባለው አገልግሎት ኤፍኤስታብን አንብቦ ይከፍተዋል። ይህ አገልግሎት ራሱ ከወደቀ ዲስኩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ በኤፍኤስታብ ላይ የተሳሳተ ፊደል ነው። «ፋይንድማውንት --ቬሪፋይ» ስሕተቱ ያለበትን መስመር ይጠቁምሃል። በአንተ ግን በሥራ መካከል ስለሚቆለፍ ይህ አይመስለኝም። ለቢሮው ኃላፊ የምትነግረው ነገር ቢኖር ዩፒኤስ እና አዲስ ዲስክ እንዲገዛ ነው፤ ሁለቱም የአንድ ዓመት ሂሳብ እንደገና ከማስገባት ይረክሳሉ።

ጥያቄ፦ ስታዲየም አካባቢ ለአንድ ክሊኒክ የወረፋ ቁጥር የሚሰጥ ራስቤሪ ፓይ 4 ሠርቻለሁ። ካርዱን እንደ ሌሎች ቆልፌዋለሁ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑ ካርዱን ወደ ቆለፍኩበት ቀን ይመለሳል፤ ከዋናው ሰርቨር ጋርም «የምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም» እያለ አይገናኝም። ሲቆይ ይስተካከላል። — ከስታዲየም

መልስ፦ እህቴ፣ ራስቤሪ ፓይ 4 መብራት ጠፍቶ ሰዓት የሚቆጥር ባትሪ የለውም። ያንን ለማካካስ የመጨረሻውን ሰዓት በፋይል ያስቀምጣል፤ እንደ ዕትሙ «ፌክ-ኤችደብሊውክሎክ» በ/ኢቲሲ ሥር፣ ወይም «ታይምሲንክዲ» በ/ቫር/ሊብ ሥር። ካርዱን ስትቆልፊ ፋይሉም በዚያች ቀን ላይ ተቆለፈ። ኔትወርክ ሲመጣ ሰዓቱ ስለሚስተካከል ነው ሲቆይ የሚድነው።

ለክሊኒክ ከሆነ ዲኤስ3231 የተባለችውን የሰዓት ሞጁል ግዢ፤ ከነባትሪዋ ትንሽ ናት፣ በፒኖቹ ላይ ትሰካለች። በፓይ 5 ላይ ሰዓቱ ቦርዱ ውስጥ አለ፣ ባትሪው ግን ለብቻው ይገዛል። ሞጁሉ እስኪገኝ ድረስ «ሲስተምዲ-ታይም-ዌይት-ሲንክ» የሚባለውን አገልግሎት አብሪና የወረፋው ፕሮግራም «ታይም-ሲንክ.ታርጌት» ከደረሰ በኋላ እንዲነሣ እዘዢው። ጉዳቱ ግልጽ ነው፤ ኢንተርኔት ከሌለ ወረፋም የለም። ስለዚህ ሞጁሉን ቶሎ ግዢ።

ልዩነቱ ልክ ስድስት ሰዓት ቢሆን ኖሮ ምንም አልተበላሸም እልሽ ነበር፤ ማሽኑ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው፣ እኛ ከንጋት። ሦስት ሰዓት ቢሆን ደግሞ የሰዓት ክልሉን «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» አድርጊው እልሽ ነበር። የአንቺ ግን ቀኑ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጡረተኛ ነኝ። ወንድ ልጄ ለቤት የሚሆን ትንሽ ኮምፒውተር በሊኑክስ ገጥሞልኝ «አባዬ፣ መብራት ቢሄድም አይበላሽም፣ ቆልፌዋለሁ» ብሎኝ ወደ ሥራው ክፍለ ሀገር ሄደ። ሲነሣ ግን አንዲት ቀይ መስመር ትታያለች፤ መጨረሻዋ «አርኤፍ ኪል ስዊች» ይላል። ኪል የሚለውን ሳይ ደነገጥሁ። ቫይረስ ነው? ሌላው ሁሉ ይሠራል። — ከሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ

መልስ፦ ጋሼ፣ ቫይረስ አይደለም፣ አይደንግጡ። ዋይፋይና ብሉቱዝ ከመጥፋቱ በፊት በርተው እንደነበረ ወይም እንዳልነበረ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚያስታውስ አገልግሎት ነው። ማስታወሻውን የሚጽፈው ልጅዎ በቆለፈው ቦታ ላይ ስለሆነ ተከለከለ። ዋይፋይዎ ሲነሣ የሚሠራ ከሆነ ምንም የጎደለብዎት ነገር የለም። መስመሯን በስልክ ፎቶ አንሥተው ለልጅዎ ይላኩለትና «ሲስተምዲ-አርኤፍኪልን ማስክ አድርግ፣ ሰርቪሱን ብቻ ሳይሆን ሶኬቱንም» ይበሉት። ሶኬቱን ከረሳው መስመሯ ትመለሳለች።